የወረፋ እረፍት

ሮዌና ፕሬስኮት ያን ሰሞን ከምንም ከማንም በላይ የምትፈራው የመንገድ ተቆጣጣሪ ነበር። ሞኝነት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል! እባብ በየጓሮው በሚርመሰመስበት አገር ተወልዳ ያደገች፣ ድርቁንም ጎርፉንም ያየች፣ ባሏ «ኩዊንስላንድ ሥራ አግኝቻለሁ» ብሎ እንደወጣ የቀረባት፣ ይኼ ሁሉ ያልበገራት ሴት፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ስታይ ሳታስበው ፍሬን ትረግጥ ነበር። የሚያስፈራው ሌላ መሆኑን ያወቀችው በኋላ ነው፤ ያወቀችበትን መንገድ ደግሞ ለጠላትም አይስጥ።

ከባድ መኪና መንዳት የጀመረችው በአርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የኒንጋንን ተማሪዎች በአውቶቡስ ስታመላልስ ኖራለች። ከከተማው ወጥቶ ወደ ኔቨርታየር በሚዘረጋው አውራ ጎዳና ላይ የትኛው የፖስታ ሣጥን የማን እንደሆነ፣ የትኛው ልጅ እየሮጠ እንደሚወርድ፣ የትኛው ደግሞ ቦርሳውን ረስቶ እንደሚመለስ ታውቃለች። ገበሬው መሬቱን እየሸጠ ሲሄድ ተማሪው አነሰ፤ ተማሪው ሲያንስ ደመወዙ አነሰ፤ በመጨረሻ አውቶቡሱን ኮልም ለሚባል ቀልደኛ ጡረተኛ አስረከበች።

«በይ ልጆችሽን ቆጥረሽ አስረክቢኝ» አላት ኮልም፣ ቁልፉን ሲቀበላት።

«አንድ ብታጎድል ወዮልህ!»

«ካጎደልኩ የኔን ልጅ ልጆች ውሰጂ፤ እናታቸውም ደስ ይላታል።»

ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። በተለይ ለቲሊ ነው ሆዷ የባባው። ቲሊ የሃደኖች የመጨረሻ ልጅ ናት፣ ገና ሰባት ዓመቷ። የሃደኖች በር ከአውራ ጎዳናው ማዶ ስለሆነ ልጅቱ ከአውቶቡስ ወርዳ መንገዱን መሻገር አለባት። መሻገሩስ ባልከፋ፤ ቲሊ ቀልቧ ከሷ ጋር አይደለም። እንሽላሊት ካየች እንሽላሊቱን ተከትላ ትሄዳለች። ሮዌና አንድም ቀን ብቻዋን እንድትሻገር ትታት አታውቅም፤ ሞተሩን አጥፍታ ወርዳ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ እጇን ይዛ ነበር የምታሻግራት። ለኮልምም ይኼን አደራ ብላዋለች። ኮልም ግን ጉልበቱን ያመዋል፤ አንዳንዴ ይወርዳል፣ አንዳንዴ ከመቀመጫው ሆኖ «ቆይ! አሁን ሂጂ!» እያለ ይጮኻል።

እንግዲህ አስቡት፤ አዲሱ ሥራዋ ስንዴ ከኒንጋን አካባቢ ጭኖ ደቦ ከተማ ማራገፍ ነው። (የከተማዋን ስም እኔ አላወጣሁትም፤ ደቦ ነው የምትባለው፤ በአጨዳ ሰሞን ደግሞ ስሟም ሥራዋም አንድ ይሆናል።) ባዶውን ስትመለስ በዚያው መንገድ፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ሰዓት፣ ተማሪዎቹ በሚወርዱበት ሰዓት ነው የምታልፈው። መጀመሪያ ቀን ተሳቢውን አስከትላ የሃደኖችን የፖስታ ሣጥን ስታልፍ መሪውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ድሮ አውቶቡሱ ውስጥ ሆና «ያ ከባድ መኪና አያቀዘቅዝም እንዴ? እግዚኦ!» እያለች የምትሳደበው ሰውዬ አሁን እሷ ራሷ ሆናለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ቦታ ስትደርስ እግሯን ከነዳጁ አንስታ መኪናውን ቀስ ታደርገዋለች። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይኼን አደርጋለሁ ብላ ለራሷ ቃል ገብታለች።

ሕጉንማ ተምራዋለች። ደቦ አንድ አዳራሽ ውስጥ ከሌሎች አዳዲስ ሾፌሮች ጋር ግማሽ ቀን ተቀምጣ፣ አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ እየገለበጠች ተማረች። አምስት ሰዓት ከሩብ ከሠራሽ ሩብ ሰዓት ታርፊያለሽ፤ ቀኑ ሲረዝም እረፍቱም ይረዝማል፤ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ሥራ የለም፤ መኪናው ቆሞ ሳይቆራረጥ ሰባት ሰዓት ይታረፋል። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ወጣችው። አስተማሪው ማብቂያው ላይ «የሥራ ሰዓት ደብተራችሁ ላይ ሰዓት ቢተርፋችሁም፣ ሰውነታችሁ ከደከመ መንዳት ክልክል ነው» ብሎ ነበር። ያኔ ግን ሁሉም ወንበሩን እየገፋ፣ ቦርሳውን እያነሳ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳትጠይቅ ወጣች። እረፍት የሚባለው ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ምኑ ይጠየቃል? አሥራ ስምንት ዓመት የትምህርት ቤቱ በር ላይ አውቶቡሷን አቁማ፣ ደወል እስኪደወል ሻይዋን እየጠጣች ሹራብ ስትሠራ እረፍት ላይ ነበረች። ለሷ መኪና ካልነዱ እረፍት ነው። አለቀ።

እንዲህ እንዲህ እያለች ያቺ አርብ ደረሰች።

ስንዴው ደርሷል፤ ዝናብ ይመጣል ተብሎ ተወርቷል፤ አገሩ ሁሉ አብዷል። ሮዌና ሳምንቱን ሙሉ ወፍ ሳይንጫጫ እየተነሳች፣ ማታ ደግሞ የቆርቆሮው ጣሪያ የቀኑን ሙቀት አልለቅ ብሏት ስትገላበጥ እያነጋች ነው። ያን ቀንም ገና ሳይነጋ ሥራ ጀመረች። እርሻው ድረስ ሄዳ ጫነች፣ ሸራውን ወጥራ አሰረች፣ ደቦ ስትደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ከእህል መረከቢያው በር ጀምሮ የተገተረው ወረፋ ጫፉ አይታይም።

የዚያን ወረፋ ጠባይ ልንገራችሁ። ቁርጥ ብሎ አይቆም፣ ደህና አድርጎ አይሄድ። የፊተኛው ሲንቀሳቀስ ፍሬን ትለቃላችሁ፣ አንድ መኪና ያህል ትሳባላችሁ፣ ትቆማላችሁ። ሮዌና ከፔርሙዙ ሻይ ትቀዳለች፤ አፏ ጋ ሳታደርሰው የፊተኛው ይንቀሳቀሳል። ሳንድዊቿን ትፈታለች፤ ይንቀሳቀሳል። ፀሐይዋ መስተዋቱን እየጠበሰችው፣ ዝንቡ ጆሮዋ ውስጥ ካልገባሁ እያለ፣ ይኼው ነው እስከ ሰባት ሰዓት። ታዲያ ሁሉም ሾፌር የሚይዘውን የሰዓት ደብተር ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ የዚያን ሁሉ ሰዓት መስመር «እረፍት» ብላ በሚያምር ጽሑፏ ሞላችው።

«ሞግዚቷ! ልጆቹ ተኙልሽ?» የሚል ድምፅ ከውጭ ሰማች።

«አንተ ካልቀሰቀስካቸው ተኝተዋል!»

ክላይቭ ነው፣ ከኋላዋ የተሰለፈው ሾፌር። ስልሳ አልፎታል፤ ሆዱ ቀድሞት ይሄዳል። ወረፋው ላይ ባገኛት ጊዜ ሁሉ «ሞግዚቷ» እያለ ያበሽቃታል። የጋቢናዋን ደረጃ ወጥቶ በመስኮቱ አንገቱን አስገባና ደብተሯን አየ።

«ይኼ ምንድን ነው የጻፍሽው?»

«እረፍት።»

«የቱ እረፍት?»

«ይኼ ነዋ! ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ተገትሬ አይደል እንዴ?»

«እስኪ ልጠይቅሽ፤ ዐይንሽን ጨፍነሽ ነበር?»

«እንዴት ብዬ? ወረፋው ቢንቀሳቀስስ? ከኋላዬ ያላችሁት እናንተ ናችሁ፤ ትንሽ ብዘገይ በስድብ ነው የምትሞልጩኝ!»

«በይ እንግዲህ፣ መልሱን ራስሽ ነገርሽኝ» አለ ክላይቭ። «መሪ ይዘሽ፣ ሲጠሩሽ ልትንቀሳቀሺ የተቀመጥሽበት ሰዓት ሥራ ነው። ሕጉም ሥራ ነው የሚለው። ወረፋ እረፍት አይደለም የኔ እመቤት።»

ሮዌና ክው አለች። ወደ ደብተሩ ጎንበስ ብላ አየች፤ ቀና ብላ ክላይቭን አየችው። እያሾፈባት እንደሆነ ከፊቱ ላይ ለማግኘት ሞከረች፤ አጣች።

«እና ከንጋት ጀምሮ አላረፍኩም ልትለኝ ነው?»

«ከንጋት ጀምሮ አላረፍሽም።»

«ወይኔ! ምን ይሻለኛል? ገጹን ልቅደደው?»

«አብደሻል? መቅደድ የሚባል ነገር የለም። ስትሳሳቺ ትሰርዢና ትክክለኛውን ትጽፊያለሽ። ዋናው ግን እሱ አይደለም። ስንዴሽን ገልብጪ፣ ከበሩ ውጪ፣ ያ ዛፍ ሥር አቁሚ። ቁልፉን ንቀይ፣ ጫማሽን አውልቂ፣ ተኚ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ኧረ ሰዓቱን ተዪው! እስክትነቂ!»

«ክላይቭ፣ ነገ ጠዋት ሌላ ጭነት አለኝ። ደግሞ አዲሷ ሴትዮ ጠራራ ፀሐይ ላይ ዛፍ ሥር ስታንኮራፋ ነበር ብላችሁ ልትስቁብኝ ነው?»

ክላይቭ ሳቁን ተወ። «ስሚኝ እህቴ። ወይ ታርፊያለሽ፣ ወይ ታርፊያለሽ። ምረጪ።»

ይኼን ብሎ ወረደ። ወረፋው ተንቀሳቅሶ ስለነበር እየሮጠ ወደ መኪናው ተመለሰ፤ ከኋላ ያሉትም በስድብ ሞለጩት።

ስንዴውን ገልብጣ ስትወጣ ዛፉን አየችው። እሱ ሥር የቆሙ መኪኖች አሉ፤ አንዱ ሾፌር ባዶ እግሩን በመስኮት አውጥቶ ተኝቷል። ሮዌና አቀዘቀዘች። ይሄኔ ነው ፍርሃቷ የመጣው፤ የተሳሳተው ፍርሃት። ገጹን ካረምኩት፣ ብላ አሰበች፣ ቀኑን ሙሉ ሳታርፍ የዋለች ሾፌር መሆኔን በገዛ እጄ መጻፌ ነው። መንገዷ ላይ ባለችው ናሮማይን ከተማ ተቆጣጣሪ ቆሟል ሲባል ሰምታለች። በመጀመሪያ ወሯ! ሰዎቹስ ምን ይላሉ? «ነግረናችሁ ነበር፣ ሴት አይሆንላትም» አይሉም? ካላረምኩት ግን ደብተሬ ንጹሕ ነው። ዛፉን አልፋ ሄደች።

ተቆጣጣሪው እውነትም ናሮማይን መውጫ ላይ ነበር። ቢጫ ሰደርያ፣ የተዘረጋ እጅ። ሮዌና መኪናዋን ዳር አስይዛ ደብተሩን በመስኮት አቀበለችው። ተቆጣጣሪው ወጣት ልጅ ነው፤ ገጹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አሁን ይጠይቀኛል፤ የት ነው ያረፍሽው ይለኛል፤ ምን እለዋለሁ?

«ዛሬ ደህና አርፈዋል» አለ።

«አዎ።»

«ምነው ሁሉም እንዲህ ንጹሕ አድርጎ በጻፈ! በደህና ይግቡ።»

ደብተሩን መለሰላት። በቃ። ሮዌና ከመንገዱ ዳር ወጥታ ማርሽ ስትቀያይር ብቻዋን ሳቀች፤ ዕፎይ ብላ መቀመጫዋ ላይ ተደላደለች። ያላወቀችው ነገር፣ ከጠዋት ጀምሮ ዐይኗን ከፍቶ ያቆየላት ያው ፍርሃቱ መሆኑን ነው። ፍርሃቱ ሲሄድ ጉልበቷን ይዞት ሄደ።

ቀጣዩን ከተማ ትራንጂን ስታልፍ ማዛጋት ጀመረች። መስኮቱን ከፈተች፤ የሚገባው አየር ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ዘፈነች። ጭኗን መታች። ከረሜላ አፏ ውስጥ ጨመረች። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ፊት ለፊቷ መጥታለች፤ ዐይኗን ስታጠብ ሽፋሽፍቷ ይከብዳታል፤ ስትከፍተው ብርሃኑ ይወጋታል። እንዲህ እየታገለች ኔቨርታየር ደረሰች። ኔቨርታየር በነሱ ቋንቋ አትድከም እንደማለት ነው፤ የሰፈሩ ስም ሳይቀር ሲያላግጥባት እዩልኝ! እዚያ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አለ፣ ጥላም አለ። ሮዌና አየችው። «ከዚህ ወዲያ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ» አለች ጮክ ብላ፣ ከሰው ጋር እንደምትከራከር። ቤቴ ገብቼ የምትባለው ነገር በዚህ መንገድ ላይ ስንቱን በላች!

የእህል ባቡር ሐዲዱ ላይ ቆሞ ማየቷን ታስታውሳለች። ፉርጎዎቹ ረጅም ነበሩ።

ከዚያ ቀጥሎ የምታስታውሰው ድምፅ ነው። ጠጠር። ከእግሯ ሥር ጠጠር ይንኳኳል፣ መሪው እጇ ውስጥ ይንዘፈዘፋል፣ ተሳቢው ወደ ግራ ይጎትታታል። ግራ ጎማዎቿ ከአስፋልት ወጥተዋል። ጮኸች። መሪውን በአንዴ ልጠምዝዝ ስትል እጇ ራሱ ከለከላት፤ ቀስ አድርጋ፣ ቀስ አድርጋ ወደ አስፋልቱ መለሰችው። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አምስት ይላል።

ከዚያ መስኩን አየች። የሃደኖች የውሃ ታንከር፣ ያ ዝገት የበላው፣ ከኋላዋ ነው ያለው። አልፋዋለች።

መቼ? መቼ አለፍኩት? የፖስታ ሣጥኑን አላየችም። እግሯን ከነዳጁ አላነሳችም። ዘጠኝ ከአርባ ላይ ደግሞ አውቶቡሱ እዚያ ይቆማል፤ አሥራ ስምንት ዓመት ዘጠኝ ከአርባ ላይ ነበር የምታቆመው። አውቶቡሱ የት ነበር? ቲሊ የት ነበረች? በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየች፤ ራሷ ያስነሳችው አቧራ ብቻ ነው የሚታየው። ከባቡሩ እስከ ጠጠሩ ያለው መንገድ በሙሉ ከጭንቅላቷ ውስጥ ተቆርጦ ወጥቷል። ለማስታወስ ስትሞክር ባዶ ነው።

መንገዱ ሰፋ የሚልበት ቦታ ላይ እንደምንም አቆመች። የበሩን እጀታ ይዛ ከጋቢናው ወረደች። ወደ መኪናው ፊት መሄድ አለባት። መሄዱን ፈራች። እጇን በመኪናው ጎን ላይ እያስደገፈች፣ እንደ ታማሚ ሰው፣ አንድ አንድ እያለች ሄደች። «አምላኬ፣ አምላኬ፣ አምላኬ» ትላለች፤ ከዚህ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

ፓራውልቱ ላይ ደም አለ።

መሬት ላይ ቁጭ አለች። ደም ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም፤ እዚያም ላይ ተጣብቆ ንፋሱ የሚያወዛውዘው ሮዝ ነገር አለ። ቲሊ ሮዝ የፀጉር ማሰሪያ ታደርጋለች። ሮዌና አንዳች ድምፅ አወጣች፤ ከራሷ መውጣቱን አላወቀችም። እጇን መዘርጋት አቃታት። ዘረጋች፣ መለሰች፣ እንደገና ዘረጋች። ነካችው። ላባ ነው። የበቀቀን ላባ። ከመኪኖች የሚንጠባጠበውን ስንዴ እየለቀሙ አስፋልት ላይ ካልሞትን የሚሉት ሮዝ በቀቀኖች አሉ፤ የአንዱ ላባ ነው። ላባውን በሁለት እጇ ይዛ አነባች። ግን ላባው ምን ያረጋግጣል? በቀቀን መግጨቷን ነው የሚነግራት። ሌላ አለመግጨቷን አይነግራትም።

ስልኳን አወጣች፤ እዚያ መንገድ ላይ መስመር የለም። የመኪናውን የሬዲዮ መገናኛ አንስታ «ኮልም! ኮልም ትሰማኛለህ?» አለች። ጭርርር ይላል እንጂ ሰው የለም። ጆሮዋን አስጠግታ ብትጠብቅም የሚመልስላት አላገኘችም።

ያን ጊዜ መኪናውን አዙራ ልትመለስ ወሰነች። ጋቢናው ውስጥ ወጥታ ቁልፉን ያዘች። ሄጄ ማየት አለብኝ፤ ወድቃ ከሆነ ማንሳት አለብኝ። ቁልፉን ልታዞር ስትል ዐይኗ ተንሸራቶ ሲከደን ተሰማት። በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሃል ዐይኗ ካልተከደንኩ ይላል! ከምንም በላይ ያስፈራት ይኼ ነው። ሰውነቷ የሷ አይደለም። ልጅቱን ፍለጋ ብላ ነድታ ሌላ ሰው ላይ ትተኛለች። ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተችና ወርዳ በእግሯ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች።

በዚያ ሐሩር! አስፋልቱ በጫማዋ ሶል በኩል ይፋጃል፤ ዝንቡ ከንፈሯ ላይ ይሰፍራል፤ አታባርረውም። ትሮጣለች፣ ትንፋሿ ያጥራል፣ ትራመዳለች፣ መልሳ ትሮጣለች። ወደ ፊት እያየች ነው፤ መንገዱ ሩቅ ላይ በሙቀቱ ውሃ መስሎ ይዋልላል፣ እዚያ ውሃ መሃል የሆነ ጥቁር ነገር የተኛ ይመስላታል፤ ስትቀርብ የፈነዳ ጎማ ቁራጭ ይሆናል። ደግሞ ሌላ ጥቁር ነገር። ደግሞ ሌላ። «ቲሊዬ» ትላለች። «ቲሊዬ፣ ቆይ፣ ቆይ፣ አትሻገሪ።» አሁን ብትለው ምን ይጠቅማል?

አውቶቡሱ ከዚያ ውሃ ከሚመስለው ውስጥ ብቅ አለ። ወደ ኒንጋን እየተመለሰ ነው፤ ቢጫነቱን አወቀችው። ደስታ አይምሰላችሁ፤ ክፉኛ ደነገጠች። ሁልጊዜ የመጨረሻውን ተማሪ አውርዶ፣ ባዶውን ሲመለስ በዚህ ያልፋል። ግን ፈጠነባት። ዛሬ ባዶውን ካልሆነስ? የተጎዳች ልጅ ወንበር ላይ አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል እየበረረ ቢሆንስ? ሮዌና መንገዱ መሃል ቆማ ሁለት እጇን ዘረጋች። አውቶቡሱ ፍሬን ይዞ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ፤ ኮልም ከመሪው ጀርባ ጎንበስ ብሎ አያት።

«ሮ! ምን ጉድ ነው? በዚህ ፀሐይ በእግርሽ? ከባዱ መኪናሽ የት ሄደ?»

ሮዌና ወደ ውስጥ ገብታ በወንበሮቹ መሃል እስከ መጨረሻው ሄደች፤ እያንዳንዱን ወንበር ጎንበስ እያለች አየች። ባዶ ነው። ተመልሳ መጣች።

«ቲሊ» አለች።

«ቲሊማ ቤቷ ናት፣ ምስጋና ላንቺ!» ኮልም መሪውን መታው። «ያቺ ቀልብ የለሽ ልጅ ዛሬ ልትገድለኝ ነበር። ቆይ እያልኳት ሳትሰማኝ ከአውቶቡሱ ፊት ዘላ ወጣች እኮ! እኔ ጉልበቴን ይዤ ልነሳ ስታገል አንቺ ደረስሽ። ያን ክላክስ ስታጮኺው፣ ወይ ጉድ፣ እኔ ራሴ ልቤ ልትወጣ ነበር! ልጅቷ ደንግጣ ወደ ኋላ ዘለለች። ከዚያ ደግሞ ወደ ዳር ወጥተሽ ቦታ ለቀቅሽልን። አሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ያመላለሰ ሰው እንዲህ ነው ብዬ ለእናቷ ነገርኳት። እናትየው ታለቅሳለች። ሳምልኝ ብላኛለች፤ ነይ ልሳምሽ!»

ሮዌና የአውቶቡሱን ብረት ይዛ ቆመች። ልጅቱ አለች። ትተነፍሳለች፤ ቤቷ ገብታ ምናልባት አሁን ብስኩት እየበላች ይሆናል። ይኼን ስታውቅ ዕፎይ ማለት ነበረባት። የመጣላት ግን ዕፎይታ አልነበረም፤ ከበፊቱ የባሰ ፍርሃት ነው።

«ኮልም፣ ፊቴን አይተኸው ነበር?»

«ፀሐይዋ መስተዋትሽ ላይ እያንጸባረቀች ዐይኔን ስታጠፋው ምን አያለሁ? መኪናሽን ነው ያወቅኩት። ምነው?»

«ተኝቼ ነበር።»

«ምን?»

«ተኝቼ ነበር እልሃለሁ። ቲሊን አላየኋትም። አንተንም አላየሁህም። ክላክስ አልነካሁም፣ ቦታም አልለቀቅኩልህም። ከኔቨርታየር ወዲህ ምንም አላየሁም።»

የኮልም ሳቅ ፊቱ ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ እጁን ሰደደና ሞተሩን አጠፋ።

«ሰምቼዋለሁ እኮ ሮ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጅቷም ሰምታዋለች። ታዲያ ማን ነካው?»

ክላክሱ ያለው መሪው መሃል ላይ ነው። ሮዌና እጇን አንስታ ግንባሯን ዳሰሰች። ከቅንድቧ በላይ አብጧል፤ ስትነካው አመማት።